ካርታ አለኝ፤ ባንኩ ግን መሬቱን አልቆጠረልኝም

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ደብረ ብርሃን የእንጨትና ብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። 500 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 2,000 ብር በሊዝ ጨረታ አሸንፌ ሼድ ሠርቻለሁ። 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍዬ፣ ቀሪውን በየዓመቱ 20 ሺህ ብር እየከፈልኩ 4 ዓመት ሆነኝ። 11 ሠራተኛ አለኝ። በቅርቡ ደላላ 4 ሚሊዮን ብር የሚሰጥ ገዢ አምጥቶልኝ ነበር፤ መሸጥ አልፈለግኩም። 1.4 ሚሊዮን ለማሽን፣ 600 ሺህ ለእንጨትና ለብረት፣ በጠቅላላው 2 ሚሊዮን ብር ልበደር ብዬ ባንክ ሄድኩ። መሐንዲሱ ለክቶ ከ756 ሺህ ብር በላይ አይፈቀድም አሉኝ። ለምን ስል ‹መሬቱ የመንግሥት ነው› ተባልኩ። እውነት ችግሩ መሬት ስለማይሸጥ ነው? የግል ቢሆን ኖሮ ብድር እንደ ልብ ይገኝ ነበር? አሁንስ ምን ላድርግ?»

ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባንክ ውስጥ ለዓመታት የዋስትና ንብረት ገማች ሆኜ ሠርቻለሁ። ይኼን ቅሬታ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ቅሬታው ትክክል ነበር። ከመሐንዲሱ ሒሳብ ልጀምር። እሱ ግልጽ ሲሆን ሌላው ይቀላል።

ገማች ግቢ ሲገባ ሜትሩን ይዘረጋል። የሼዱን ርዝመትና ስፋት ይለካል። ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይ? ጣሪያው ምን ዓይነት ቆርቆሮ ነው? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይ? አጥሩስ ስንት ሜትር ነው? ይኼን ሁሉ ይጽፋል። ቢሮው ተመልሶ ይኼንኑ ሼድ ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ያሰላል፤ የእርጅናውን ይቀንሳል። የእርስዎ ሼድ 800 ሺህ ብር ወጣለት እንበል። መሬቱ ላይ ሲደርስ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቦታ ስንት እንደሚያወጣ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሊዝ ደረሰኝዎን ነው። ቅድሚያ ክፍያው 200 ሺህ፣ የ4 ዓመቱ 80 ሺህ፣ በድምሩ 280 ሺህ ብር። ወለዱን እንተወውና ከሼዱ ጋር 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ሆነ። ባንኩ ከግምቱ 70 በመቶውን ብቻ ያበድራል ብንል፣ የዚህ 70 በመቶ 756 ሺህ ነው። የነገሩዎት ቁጥር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደላላው ያመጣው ገዢ ደግሞ 4 ሚሊዮን ብሏል። ልዩነቱ 2 ሚሊዮን 920 ሺህ ብር ነው። ይኼ የብሎኬት ዋጋ አይደለም። የመንገዱ፣ የመብራቱ፣ የፋብሪካዎቹ ጉርብትና፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ የመገኘቱ ዋጋ ነው። ገዢው ይከፍለዋል፤ ባንኩ ግን አይቆጥረውም።

ለምን አይቆጥረውም? አንደኛው ምክንያት ሕጉ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) ያስቀመጠው መርህ ባለሊዙ መብቱን በዋስትና የሚያስይዘው በከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ነው የሚል ነው። ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰውም ትርፉን ሁሉ አይወስድም። የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋ፣ ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ያገኛል። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ ቦታ አጥሮ ቁጭ ብሎ፣ ዋጋ ሲወጣ የሚሸጠውን ሰው ለመግታት ነው። ያ ሰው በእርግጥ ነበር፤ አሁንም አለ። ችግሩ ሕጉ እሱንና 11 ሰው ቀጥረው የሚሠሩትን እርስዎን በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይወራለትም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ እሱ ይከብደኛል። የቦታ ዋጋ በአገራችን የትም አልተጻፈም። መሬት አይሸጥም ይባላል። ግን አንዲት የጭቃ ቤት ከነግቢዋ በብዙ ሚሊዮን ብር ስትሸጥ ሁላችንም እናያለን። ያ ዋጋ የጭቃው አይደለም። ውሉ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እውነተኛው ዋጋ አይደለም፤ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ለመቀነስ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። አንዳንዱ ጭራሽ ስም ሳያዛውር በውክልና ብቻ ይገዛና ከዓመታት በኋላ እሱም በውክልና ይሸጣል። ስለዚህ ገበያው አለ፤ ግን የሚኖረው በደላላ ስልክ ውስጥ ነው። ገማቹ የባንኩ ብድር ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «እዚህ ሰፈር ካሬው 6 ሺህ ብር ያወጣል» ሲል ማስረጃ ቢባል የሚያቀርበው ወረቀት የለም። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያወቅኩ ያልጻፍኩት ዋጋ አለ። ማስረጃ በሌለው ቁጥር ላይ መፈረም አልችልም ነበር።

ባንክ ሲያበድር መሬት ለመውረስ አስቦ አይደለም። የሚያስበው ተበዳሪው ባይከፍል ምኑን፣ ለማን፣ በስንት ጊዜ እሸጣለሁ ብሎ ነው። በዚህ በኩል ሕጉ ለባንኩ እጁን አስረዝሞለታል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ይኼን ይወቁት፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። እንግዲህ መሸጡ ቀላል ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ የሚሸጠው መብት ጥራትና የዋጋው መታወቅ ነው። የእርስዎ ጉዳይ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄዎ። መሬት የግል ቢሆን ብድር እንደ ልብ ይገኝ ነበር? ፔሩያዊው ኢኮኖሚስት ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ይኼን ሐሳብ በዓለም ላይ አስተጋብቷል። ድሃው ሀብት አለው፣ ግን ወረቀት ስለሌለው ካፒታሉ የሞተ ነው፤ ወረቀት ስጡት፣ ባንክ ያበድረዋል አለ። ሐሳቡ ልብ ይይዛል። ፔሩም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆኑ የከተማ ቤተሰቦች የባለቤትነት ወረቀት ሰጠች። ኤሪካ ፊልድና ማክሲሞ ቶሬሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን አዩት። ለግንባታ ዕቃ የሚያበድረው የመንግሥት ተቋም ወረቀት ላላቸው ብድሩን አቀለለላቸው። የግል ባንኮች ግን ሰዎቹ ወረቀት ስላላቸው ብቻ ብድር አልጨመሩላቸውም። ብድር ያገኙት ግን ወለዱ ረከሰላቸው።

አርጀንቲና ላይ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1981 እ.ኤ.አ. 1,800 ያህል ቤተሰቦች በቦነስ አይረስ ዳርቻ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሶላኖ በተባለ ቦታ፣ የመንግሥት ነው ብለው ባዶ መሬት ላይ ሰፈሩ። ኋላ የግለሰቦች ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ካሣ ከፍሎ ለሰፋሪዎቹ ሊሰጣቸው በ1984 ሕግ አወጣ። ከባለመሬቶቹ አንዳንዶቹ ካሣውን ተቀበሉ፤ ሌሎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚህ የተነሳ ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ በኑሮ የማይለያዩ ሰዎች፣ አንዱ ወረቀት ያለው ሌላው የሌለው ሆኑ። ወረቀት ያገኙት ቤታቸውን አሻሻሉ፣ ልጆቻቸውን የተሻለ አስተማሩ። ብድሩ ላይ የመጣው ለውጥ ግን በጣም ትንሽ ነበር። ባንኩ የሚፈልገው ቋሚ ደሞዝና የተመዘገበ ገቢ ነበርና።

በሌላ በኩል ቻይናን ይመልከቱ። የከተማ መሬት እዚያም የመንግሥት ነው። ግን በ1988 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው የመጠቀም መብት እንዲተላለፍ ፈቀዱ። ለመኖሪያ 70፣ ለኢንዱስትሪ 50፣ ለንግድ 40 ዓመት የሚቆይ መብት ይሸጣል፣ ለባንክም ይያዛል። ቬትናምም መሬቱን የሕዝብ እንደሆነ ትታ፣ በ1993ቱ የመሬት ሕጓ የመጠቀም መብትን ማስተላለፍና ማስያዝ ፈቀደች።

ስለዚህ እኔ የማምነው ይኼን ነው። «መሬቱ የመንግሥት ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሙሉ መልስ አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ሆኖም ብድር ይገኛል። ወረቀት የግል ሆኖም ብድር ይከለከላል። የሚወስነው ለዓመታት የተሰጠዎት መብት በግልጽ ገበያ፣ በተመዘገበ ዋጋ መሸጥ መቻሉ ነው። የእኛ ሊዝ ለኢንዱስትሪ ከአዲስ አበባ ውጭ እስከ 80 ዓመት የሚሰጥ መብት ነው። ረጅም ነው፣ በቂም ነው። ያነሰው ነገር መብቱ በገበያ ዋጋው እንዲቆጠርና እውነተኛው የሽያጭ ዋጋ የሚታይበት መዝገብ ነው። ይኼ ሕገ መንግሥት መቀየር አይጠይቅም። አዋጅና መመሪያ ማስተካከል፣ ግብሩን ሰው የማይሸሽበት ልክ ማድረግ ይጠይቃል። ይኼን ጉዳይ ሁልጊዜ የፖለቲካ ክርክር አድርገን ስለያዝነው መሥራት የሚቻለውን ትንሹን ሥራ እንኳ ሳንሠራ ዓመታት አለፉ። ያሳዝነኛል።

ገጠር ላይ አንድ እርምጃ ተሄዷል። የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅም (ቁጥር 1324) ይኼንኑ መንገድ ከፍቷል። ልብ ይበሉ፤ ገበሬው መሬቱን አይሸጥም። የተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብቱን ነው የሚያስይዘው። የገጠሩ ሰው ያገኘውን አስተሳሰብ የከተማው ወርክሾፕ ቢያገኝ ብዙ ሥራ ይከፈት ነበር።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በዋስትና መሬትና ሕንፃ ብቻ የሚፈልግ የብድር ሥርዓት ብልህ ነጋዴን ወደ ሕንፃ ይገፋዋል። ጥሩ ዳቦ ቤት የነበረው ሰው ትርፉን ምድጃ አይገዛበትም፤ ሁለት ፎቅ ይጀምርበታል፤ «ነገ ለብድር ይሆነኛል» ይላል። አምስት ዓመት ያልተለሰነ ብሎኬት ቆሞ ይቀራል። ብድሩ የሚሄደው ሥራ ላለው ሳይሆን ቦታ ላለው ይሆናል። በመንግሥት ሼድ ተከራይቶ የሚሠራ ወጣት፣ የባሏ ስም ብቻ ያለበት ካርታ ይዛ የምትነግድ ሴት፣ እነዚህ ከበሩ ላይ ይመለሳሉ። የእርስዎ 756 ሺህ ብር ትንሽ ነው፤ ግን እነሱ እሱንም አያዩትም።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ እንምጣ። መጀመሪያ አንዳንድ ሰዎች የሚመክሩትን አንድ ነገር ልከልክልዎ። «ቀሪውን ሊዝ ቀድመህ ክፈል፣ ዋስትናህ ይጨምራል» ይሉዎታል። ይጨምራል። ግን 100 ሺህ ብር ቀድመው ቢከፍሉ ዋስትናው በ100 ሺህ፣ ብድሩ ግን በ70 ሺህ ብቻ ነው የሚያድገው። እጅዎ ላይ የነበረ 30 ሺህ ብር ቀለጠ፤ በተበደሩት 70 ሺህም ላይ ወለድ መክፈል ጀመሩ። ለብድር ብለው ይኼን አያድርጉ።

ይልቅ 2 ሚሊዮኑን ለሁለት ይክፈሉት። ማሽኑን በብድር አይግዙ፤ በካፒታል ዕቃ ሊዝ ይውሰዱት። ይኼ ከመሬት ሊዝ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። አከራዩ ድርጅት የመረጡትን ማሽን ከነፕሮፎርማው ይገዛና ያስረክብዎታል። ከፍለው እስኪጨርሱ ማሽኑ የእሱ ነው። ስለዚህ ዋስትናው ራሱ ማሽኑ ነው፤ ካርታ አይጠየቁም። እንደ ድርጅትዎ አቅም ልማት ባንክን ወይም በክልሉ ያለውን ዋልያ የተባለ የካፒታል ዕቃ አከራይ ድርጅት ያነጋግሩ። ብዙውን ጊዜ 20 በመቶውን እርስዎ፣ 80 በመቶውን እነሱ ይሸፍናሉ። የ1.4 ሚሊዮን 20 በመቶ 280 ሺህ ነው።

ከዚያ ለእንጨትና ለብረቱ 600 ሺህ፣ ለማሽኑ መዋጮ 280 ሺህ፣ በድምሩ 880 ሺህ ብር ያስፈልግዎታል። ባንኩ 756 ሺህ ፈቅዷል። የሚጎድልዎት 124 ሺህ ብር ነው። ከ1 ሚሊዮን 244 ሺህ ጉድለት ወደ 124 ሺህ ወረደ ማለት ነው። ይኼን ከአንድ ትልቅ ትዕዛዝ ቅድሚያ ክፍያ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ሁለቱንም ክፍያ በየወሩ መቻልዎን መጀመሪያ በወረቀት ያስሉ። ሥራ የቀዘቀዘበትን ወር ይዘው እንጂ የሞቀበትን ወር ይዘው አያስሉ።

ያሉዎትን ማሽኖችም አይርሱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ማለትም ማሽንን፣ የተከማቸ ዕቃን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብን በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ማስመዝገቢያውም ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። እውነቱን ለመናገር ባንኮች ገና ያመነታሉ። መኪና ከነሊብሬው ሲመጣ ይገባቸዋል፤ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲመጣ ማን ይገዛዋል ይላሉ። ቢሆንም የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይዘው ይጠይቁ። የሚጠይቅ ሲበዛ ነው የሚለመደው።

ከ756ቱ ላይም ከፍ ሊል የሚችል ነገር ይኖራል። የግምት ወረቀቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አንድ ጊዜ አንድ ግቢ ለክቼ ከግማሽ በላይ የሆነውን ግንባታ ጥዬ ወጣሁ። ጥሩ ግንባታ ነበር፤ መጋዘኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን የግንባታ ፈቃዱ ላይ የነበረው የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። ፈቃድ የሌለው ግንባታ ነገ ፍረስ ሊባል ስለሚችል አይቆጠርም። ባለቤቱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፈቃዱን አስተካክሎ ተመለሰ፤ ግምቱ በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። የእርስዎም ሼድ ከተፈቀደው ፕላን ጋር ይገጥማል ወይ? አጥሩ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የዘበኛ ቤቱ ተጽፏል ወይ? የሊዝ ክፍያው ውዝፍ የለበትም ወይ? ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎ መፈረም እንዳለበትም ቀድመው ይወቁ። ፋይሉ አልቆ በዚህ ብቻ ወር ሲቆይ አይቻለሁ። የሊዝ ሕጎች ስለሚሻሻሉም ከተማው መሬት ቢሮ ዛሬ የሚሠራበትን መመሪያ ይጠይቁ።

ሌላው የሒሳብ እንቅስቃሴዎ ነው። ሽያጭዎ በኪስ እየገባ በኪስ ከወጣ ባንኩ አያውቅዎትም። ስድስት ወር ሁሉንም ገቢ በአንድ ሒሳብ ያሳልፉ። አሁን በስልክ ያለ ዋስትና የሚሰጡ ትንንሽ ብድሮችም፣ ለምሳሌ በቴሌብር ያለው «መላ»፣ የሚያዩት የካርታ ቅጂ አይደለም፤ የገንዘብዎን ፍሰት ነው። ለማሽን አይበቁም፣ ለሚስማርና ለሙጫ ግን ይደርሳሉ። አንዳንዴ ደግሞ እምቢታው ከእርስዎ ጋር አይገናኝም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል። ቅርንጫፉ ኮታው አልቆበት ሊሆን ይችላል። በግልጽ ይጠይቁና እንደዚያ ከሆነ ሌላ ባንክ ይሂዱ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። የጎደለውን 124 ሺህ ፍለጋ ሲወጡ «ቶሎ የሚያበድር ሰው አለ» የሚልዎት አይጠፋም። አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊ እንዲህ ብሎ 200 ሺህ ብር ተበደረ። አበዳሪው የብድር ውል አልጻፈም። «ለፎርማሊቲ ነው» ብሎ የቤት ሽያጭ ውል አስፈረመው፤ ውሉ ላይም ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ይላል። ወለዱ በየወሩ ሲጨምር አቃተው። በመጨረሻ ፍርድ ቤት የቀረበው የሽያጭ ውሉ ነበር። አራጣ ወንጀል ቢሆንም ወረቀቱ ሌላ ነገር ስለሚል ማስረዳት አልቻለም። ባንክ በሐራጅ ቢሸጥብዎት ቢያንስ 30 ቀን አለዎት፣ ከዕዳው የተረፈውም የእርስዎ ነው። እዚያ ግን ምንም አልተረፈውም። ስለዚህ የሽያጭ ውል ወይም የመሸጥ ውክልና በብድር ስም ማንም ቢያቀርብልዎ አይፈርሙ። የመያዣ ውል የሚባል አለ። በጽሑፍ ይደረጋል፣ ካርታው ባለበት ቢሮ ይመዘገባል፣ ከፍለው ሲጨርሱ ይሰረዛል። ያንን ካልተቀበለ ገንዘቡን ይተዉት፤ ማሽኑ ሁለት ወር ቢዘገይ ይሻላል።